ያላቃጠልሁት የፈተና ወረቀት

ወሬውን የሰማሁት የቦኖ ውኃ ወረፋ ላይ ቆሜ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር፤ ዐቢይ ጾም ተጋምሷል። ጀሪካኔን በእግሬ እየገፋሁ ወደ ፊት ስጠጋ፣ ከኋላዬ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጃገረዶች ያወራሉ። በትምህርት ቤታቸው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት መሆኔን አላወቁም፤ ወይም አውቀው ግድ አልሰጣቸውም። አንደኛዋ የእንግሊዝኛው ሞዴል ፈተና ሊሰረዝ ነው አለች። ሌላዋ ለምን ብላ ብትጠይቃት፣

«ግማሹ ክፍል ‹ዝናብ› ብሎ መልሷላ። ምንባቡ ውስጥ'ኮ ዝናብ የሚባል ነገር የለም» አለቻትና ተሳሳቁ።

እኔ በቆምሁበት ቀረሁ። ‹ዝናብ› ትክክለኛ መልስ የሆነበት ወረቀት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ያም ወረቀት ያለው እኔ ቤት፣ ከእመቤታችን ሥዕል ኋላ ነው። ወረፋዬን ትቼ፣ ጀሪካኔን እንኳ ሳላነሣ ወደ ቤት ሄድሁ። ሥዕሏን ከግድግዳው ላይ አወረድሁ። ወረቀቱ አለ። ግን እኔ ለሁለት አጥፌ ያስቀመጥሁት ለአራት ታጥፎ ነበር።

አቃቂ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከጎጃም፣ ከእናቴ ቤት ወጥቼ የጽሕፈት ትምህርት ተምሬ፣ በምደባ ደብዳቤ እጄን ይዞ የሚያስገባኝ ሰው ሳይኖር ገባሁ። የተከራየሁት አንድ ክፍል ከወሎ የመጡ እስላም ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነበር። አባወራው አሰብ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይነዳሉ፣ በወር ሁለት ጊዜ ቢታዩ ነው። ሚስትየዋ በጾሜ ወራት ልጆቻቸው ሥጋ ይዘው በደጄ እንዳያልፉ ይከለክሉ ነበር። እኔም በረመዳን ቀን ቀን ከቤት ወጥ አልሠራም። የበኩር ልጃቸው እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማር ነበር። ጾሙ ሲያደክመኝ አይታ፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከበሩ መቃን በላይ ከማስቀምጠው ቁልፍ ከፍታ ቤቴን ትጠርግልኛለች። ማንም አላዘዛትም።

እንግሊዝኛ የተማርሁት ከፈተና ወረቀት ነው ብል ውሸት አይሆንም። መጽሐፉን አላነበብሁም፤ ግን ጥያቄውን ሁሉ በዓመት በዓመት እኔ ነኝ ስቴንስል በሚሉት የማባዣ ሰም ወረቀት ላይ የምመታው። ፊደል በፊደል እየመታሁ ሳለ ቀስ በቀስ ገባኝ። ሁለት ዓይነት ጥያቄ ከምንባብ ሥር አይጠፋም። አንደኛው፣ በአምስተኛው መስመር ላይ ያለው ‹ኢት› ወይም ‹ሂ› ማንን ያመለክታል የሚል። ሁለተኛው እንዳለ ቢተረጎም ስሜት የማይሰጥ አባባል ሰጥቶ ትርጉሙን ምረጡ የሚል።

እነዚህን ጥያቄዎች ከእኔ ሌላ የሚወዳቸው ሰው የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ስልሳ ይሆናቸዋል፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው ወጥተው አቃቂ ያረጁ፣ እጃቸው እስከ አንጓቸው በቀለም የጠቆረ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም። ግን ስቴንስሉን ማባዣ መኪናው ላይ ከማልበሳቸው በፊት ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥተው ይቆማሉ።

«በይ፣ ዛሬስ እንግሊዞቹ ምን ይላሉ?»

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲበረታ ድመትና ውሻ ዘነበ ይላሉ አልኋቸው። ትንሽ አሰቡና ጣራቸው ይህን እንዴት ይችላል ብለው ከልባቸው ጠየቁኝ። ሌላ ቀን ‹ሂ› የምትለዋን አስረዳኋቸው፤ ለአንድ ወንድ የምትሆን ቃል ናት አልሁ።

«ለአባትም ለሌባም?»

«አዎ ጋሼ። ለሁሉም አንድ ናት።»

«አንቱ የሚባል የላቸውም?»

«የላቸውም።»

«ምስኪኖች። ታዲያ ሽማግሌ ሲመጣ በምን ያውቁታል?» ብለው እየሣቁ ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ሥራው ወግ ነበረው። ስቴንስሉን መትቼ ስጨርስ ጋሼ አንድ ቅጂ ብቻ ያወጣሉ። በዚያ ቅጂ ላይ መምህሩ ስሕተት ያርማል፣ ትክክለኛውን መልስ ያከብባል፣ የተሳሳቱትን በቀይ ይሰርዛል። ከዚያ የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪው ያየዋል። እሱ ካላየው ፈተና አይባዛም። ተባዝቶ ሲያልቅ የመጀመሪያው ቅጂ፣ የተበላሸው ወረቀትና ስቴንስሉ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ በርሜል ውስጥ ይቃጠላል። ጋሼ ቆጥረው ያቃጥላሉ፣ እኔ አጠገባቸው እቆማለሁ፣ ሁለታችንም መዝገቡ ላይ ‹ተቃጥሏል› ከሚለው ሥር እንፈርማለን።

በዚያ ዓመት የእንግሊዝኛው መምህር ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ለሞዴል ፈተናው ምንባቡን ራሱ ጻፈ። ድርቅ የመታቸው ገበሬዎች በመጨረሻ ዝናብ ጣለላቸው፤ እግዚአብሔርንም አመሰገኑ፤ ‹ኢት› ማሳቸውን አረሰረሰው። ‹ኢት› ምንን ያመለክታል? ምርጫው አራት ነው፤ ዝናቡን፣ እግዚአብሔርን፣ ገበሬዎቹን፣ ማሳውን። መምህሩ ‹ዝናቡን› ከብቦ የቀሩትን ሦስቱን በቀይ ሰርዟል።

የፖለቲካ አስተማሪው ቅጂውን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ፤ መምህሩንም አስጠራው። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ጓድ፣ ይህ ገበሬ ማንን ነው የሚያመሰግነው?»

መምህሩ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ ነው አለ።

«ሰዋስው ከመደብ በላይ አይደለም።»

በዚህ አለቀ። መምህሩ እዚያው ቆሞ ምንባቡን ለወጠው። የገበሬ ማኅበሩ የጉድጓድ ውኃ አስቆፈረ፤ ገበሬዎቹም ማኅበሩን አመሰገኑ፤ ‹ኢት› ማሳቸውን አረሰረሰው። ከምርጫዎቹ ‹እግዚአብሔር› ወጥቶ ‹ማኅበሩ› ገባ፣ ‹ማሳው› ወጥቶ ‹ጉድጓዱ› ገባ። ‹ዝናቡን› የሚለው ግን ለተሳሳተ ምርጫ ይሆናል ተብሎ በቦታው ቀረ። እኔም ገጹን እንደ አዲስ መታሁት።

ሊቃጠል ሲል የመጀመሪያውን ቅጂ አየሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የእግዚአብሔር ስም ላይ ቀይ መስመር ተጋድሟል። ለመምህሩ የተሳሳተ መልስ መሰረዙ ነው፤ ሌላ አሳብ አልነበረውም። እኔ ግን ያደግሁት ስመ እግዚአብሔር ያለበት ወረቀት መሬት ላይ በማይጣልበት፣ እሳት በማይገባበት ቤት ነው። እናቴ እንዲህ ያለ ቁራጭ ስታገኝ ስማ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈው ነበር፤ ማንበብ ስለማትችል የምትጠራጠረውን ሁሉ ትወትፋለች። በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ስሙ ስሙ ነው ብዬ አሰብሁ። ቅጂውን ለሁለት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ።

በርሜሉ ዘንድ ጋሼ ክብሪት ከመጫራቸው በፊት፣ የቀረ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«የለም ጋሼ። ሁሉም ገብቷል።»

«አንቺ ካልሽ» አሉና ለኮሱት። ፈረሙ። እኔም ፈረምሁ።

ቅዳሜ ዕለት ከቦኖው ተመልሼ የአከራዮቼን ልጅ ጠራኋት። ገና ፊቴን ስታይ ማልቀስ ጀመረች። ባለፈው እሑድ እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ ግድግዳውን ስታራግፍ ሥዕሏ ተዛነፈች፤ ልታቃና ስትነካት ወረቀቱ ወደቀ። «እትዬ፣ ወላሂ ልሰርቅ አልገባሁም» አለችኝ። አልዋሸችም። የፈተና ወረቀት መሆኑን ስታውቅ ደብተሯ ላይ ገልብጣ መልሳ አስቀመጠችው። ለአንዲት ጓደኛዋ ብቻ አሳየች። ጓደኛዋም ለጓደኛዋ ብቻ አሳየች። ማክሰኞ ፈተናው ሲሰጥ ብዙዎቹ ምንባቡን ሳያነቡ የሸመደዱትን መልስ ብቻ ከበቡ።

ለማንም እንዳትናገሪ አልኋት። ከትምህርት ቤት ትባረሪያለሽ፣ አባትሽ ከአሰብ ሲመለሱ ምን ትያቸዋለሽ አልኋት። ይህን ያልሁት ለእሷ አዝኜ ነው ብዬ ለብዙ ዓመት ራሴን አሳምኛለሁ። አዝኜላታለሁም። ግን ልጅቱ ከተናገረች ወረቀቱ የት እንደተገኘ መናገሯ አይቀርም፤ መጀመሪያ የታየኝ ይኼ ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሠራተኛውና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪው በሙሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሂስና ግለ ሂስ ነው የተባለው። ፊት ለፊት ጠረጴዛው ላይ የቃጠሎው መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። ሁለት ፊርማ ብቻ ነው ያለው። ጋሼን አስነሷቸው። ሱሪያቸው ላይ የቀለም ጨርቃቸው ተንጠልጥሏል፤ አውጥተው እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ የማይለቀውን ቀለም።

የፖለቲካ አስተማሪው ሲጀምር አንቱ እያለ ነበር። ወረቀቱን ለማን እንደሰጡ ጠየቃቸው፤ ለማንም አሉ። ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠየቃቸው፤ አንዲት ሴት ልጅ፣ በስተርጅና የወለዷት፣ ሦስተኛ ክፍል ያለች። ከዚያ ‹አንተ› ማለት ጀመረ። ተማሪዎቹ ፊት አንድ ጊዜ ‹አንተ› ከተባሉ በኋላ አዳራሹ ሁሉ እሳቸውን መድፈር የተፈቀደለት መሰለው፤ ከኋላ ወንበር ‹ተናገር› የሚል ድምፅ መጣ።

«ያቃጠልከው ስንት ወረቀት ነው?»

«አልቆጠርሁም» አሉ።

«ለምን አልቆጠርክም?»

ወደ እኔ ተመለከቱ። ብዙ አልቆየም፤ ማንም ያስተዋለው አይመስለኝም። ‹ሁሉም ገብቷል ብላኝ ነው› ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። ዞር ብለው፣ «መቁጠር የኔ ሥራ ነው። እሷ ታይፕ ነው የምትመታው» አሉ።

ቀጥሎ እኔን አስነሡኝ። ወረቀቱ ሲቃጠል አይተሻል ወይ ተባልሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ ዛሬም የሚገርመኝ እሱ ነው።

«እኔ አላየሁም» አልሁ። «እሱ ነው ያቃጠለው። እሱን አምኜ ፈረምሁ።»

ጋሼ ስል የኖርሁትን ሰው እሱ አልሁት። ማንም አላዘዘኝም። የጋሼ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ለዚህ ጽሑፍ ስል የማላስውበው አንድ ነገር አለ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ‹ዘመኑ ነው፣ ደርግ ነው፣ ምን ታደርጊ› ሊሉኝ ይፈልጋሉ። በዚያ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ነገር ሰው አይገደልም ነበር። ቢበዛ ከሥራ እባረር ነበር፤ ተባርሬም እናቴ ቤት እገባ ነበር። እኔ የፈራሁት ሣቁን ነው። ከወር በፊት የጽዳት ሠራተኛዋ ኪስ ውስጥ የጸበል ጠርሙስ ተገኝቶ በዚያው አዳራሽ ራሷን ስትወቅስ፣ ተማሪው በሣቅ ሲያውካካ፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ አብሬ ፈገግ ብያለሁ። አሁን ተነሥቼ ‹የእግዚአብሔር ስም ስላለበት ማቃጠል ፈራሁ› ብል ያ ሣቅ ወደ እኔ እንደሚዞር አወቅሁ። ወረቀቱን ለማቃጠል የፈራሁትን አምላክ፣ በሰው ፊት ለመጥራት አፈርሁ። ማታ ደግሞ እንደ ወትሮዬ ሰገድሁ። ቁጥሩን እንኳ አላጎደልሁም።

ጋሼ ቀበሌ ታስረው ሰነበቱ። ሲወጡ ሥራ የላቸውም። ፈተናው እንደ አዲስ ተሰጠ፤ ከእሳቸው በቀር የተጎዳ ሰው የለም። የአከራዮቼ ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ማትሪክ አልፋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እናቷ ደስ ብሏቸው ለእኔ የጾም ለይተው አበሉኝ። ተማሪዎቹ ሽማግሌውን ‹ጋሼ ዝናብ› ብለው ስም አወጡላቸው። በባቡር ሐዲዱ ዳር ሲያልፉ ‹ጋሼ ዝናብ፣ ነገ ፈተና አለ ወይ› እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ትንሿ ልጃቸውም በትምህርት ቤቷ የሌባ ልጅ ተብላ እያለቀሰች ቤት እንደምትገባ ሰማሁ። የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛዋ ናት።

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው። መጀመሪያ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂ፣ ከዚያ ነይ አሉኝ። ሳሪስ አንድ ወፍጮ ቤት ደጅ ተቀምጠው ጆንያ ሲሰፉ አገኘኋቸው። እጃቸው ከቀለም ነጽቶ የሌላ ሰው እጅ መስሏል። ሲያዩኝ ተነሡ። ለእኔ ተነሡ። በርጩማቸውን ሰጡኝና እናቴ ጎጃም ደኅና እንደሆነች ጠየቁኝ። ሥራ ይበዛ እንደሆነ ጠየቁኝ። በማባዣው ማንን እንደተኩ ጠየቁኝ። እኔ በመንገዴ ሳልፍ ነው አልሁ። የመጣሁበትን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ የሰው ወሬ አወራሁ። ልሄድ ስነሣ መርፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰኩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ያን ቀን አዳራሽ ዋሽቻለሁ» አሉኝ። «ቆጥሬ ነበር። አንድ ይጎድል ነበር።»

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልሁ።

«አንቺ የለም ካልሽ ብዬ ነው የፈረምሁት። በይ ደኅና ግቢ ልጄ። እናትሽን ስትጽፊ ሰላም በይልኝ።»

ደኅና ይሁኑ ጋሼ ብዬ ሄድሁ። ያን ጊዜ አንቱ አልኋቸው፤ ሰሚ በሌለበት። ለነፍስ አባቴ ‹አገኘኋቸው› አልሁ። እውነት ነው፣ አግኝቻቸዋለሁ። ይቅርታ የጠየቅሁ መሰላቸውና ፈቱኝ። እንዲመስላቸው አድርጌ ነው የተናገርሁት።

በዓመቱ ዝውውር ጠይቄ ወደ ደቡብ ሄድሁ። አሁን የምኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ከጎጃምም ከአቃቂም ሩቅ። እዚህ ሰው ጠንቃቃና መንፈሳዊ ሴት ናት ይለኛል። የማኅበር ገንዘብም ምሥጢርም ያስቀምጥብኛል። በዚህ ማዕረግ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ጋሼ ማረፋቸውን የሰማሁት ዘግይቼ ነው፣ ከአቃቂ ለሥራ ከመጣ አንድ አሽከርካሪ። እሱም ሰውየውን ያወቀው ባወጡላቸው ስም ነው፤ ፈተና ሰርቀው የሸጡ ሽማግሌ ነበሩ ብሎ እየሣቀ አወራልኝ። እዚያም አላረምሁትም። ቤቴ ገብቼ ግን ይህን መጻፍ ጀመርሁ።

በዚያ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ መምህራን የነበራችሁ፣ ከኋላ ወንበር የነበራችሁ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያያችሁ ትሆናላችሁ። የጋሼ ልጅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የቤቱን ቁጥር ግን አላወቅሁም። ድንገት ሄጄ ደጇ ላይ ብቆም፣ የቆመ ሰው ፊት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ስለዚህ ከእናንተ የሚያውቃት ሰው አስቀድሞ ይሂድልኝ። አባቷ ምንም አልሰረቁም በሏት። ወረቀቱን የወሰደችው ታይፒስቷ ናት፣ አባትሽ አውቀው ሸፈኗት በሏት። ስሜን ከጠየቀችም ታስታውሱታላችሁ፤ ሳትሸሽጉ ንገሯት። ይቅርታ አድርጊላት ብላችሁ ግን አትለምኑልኝ። መጥቼ ፊት ለፊቷ በራሴ አፍ እንድናገር ትፈቅድልኝ እንደሆን ብቻ ጠይቁልኝ፤ አይሆንም ካለችም እንዳለችው ላኩልኝ።